ቢልድ የሚያስነሱ ብራንቾችን መገደብ

የብራንች ማጣሪያ ማለት በጋራ የኮድ ማከማቻ ውስጥ ካሉት ብራንቾች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የኮዱ የሥራ መስመሮች) የትኞቹ አዲስ ኮድ ሲገባባቸው አውቶማቲክ ቢልድ እንደሚያስነሱ፣ የትኞቹ እንደሚታለፉ የሚወስን ደንብ ነው። ቢልድ ሲባል ኮዱን ኮምፓይል ማድረግ (ማሽን ወደሚያስኬደው መልክ መለወጥ) ብቻ አይደለም። ፈተናዎችን ማስኬድና ፕሮግራሙን ማሸግ፣ አንዳንዴም እስከ ተጠቃሚው ማድረስ ይጨመርበታል።

ደንቡን አስፈላጊ ያደረገው የዋጋ ልዩነት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ፣ በጊት ውስጥ ብራንች የአንድን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መለያ የያዘ ትንሽ ጠቋሚ እንጂ የፋይሎች ቅጂ አይደለም። በቅጽበት ይፈጠራል፣ በቅጽበት ይሰረዛል፤ ስለዚህ ሰው ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ብራንች ይከፍታል። ቢልድ ግን ማሽን ይይዛል፣ ደቂቃዎች ይበላል፣ በኪራይ ሰርቨር ላይ ከሆነም ሒሳብ ያስከፍላል። ከገንዘቡ የባሰ ጉዳትም አለ፦ በግማሽ የቀረ ሥራ ሁሉ ቢልድ እያስነሳ ቀይ ምልክት ሲያመጣ፣ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ይተዋሉ። ያኔ እውነተኛው ስህተትም ሳይታይ ያልፋል።

አጻጻፉ እንደ መሣሪያው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃድሰን የሚለውን ስሙን የለወጠው የቢልድ መሣሪያ ጄንኪንስ፣ ከጊት ጋር በሚያገናኘው ተጨማሪ (ፕለጊን) ውስጥ የሚገነቡ ብራንቾች የሚጻፉበት ቦታ አለው፤ ባዶ ከተተወ ሁሉም ብራንች ይገነባል። የኮድ ማከማቻ ድረ ገጹ የጊትሃብ የቢልድ መሣሪያ፣ ጊትሃብ አክሽንስ፣ ወይ የሚፈቀዱትን ወይ የሚታለፉትን ብራንቾች ይዘረዝራል፣ ለአንድ ክስተት (ለምሳሌ ኮድ ሲገፋ) ግን ሁለቱን ዝርዝሮች አብሮ አይቀበልም። ከተፈቀዱት መካከል ጥቂቱን ማውጣት የፈለገ በቃለ አጋኖ የሚጀምር መስመር ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ይለውጣል። ሌላው የኮድ ማከማቻ ጊትላብ በበኩሉ ደንቡን በ«እንዲህ ከሆነ» ዓይነት ሁኔታ ያስጽፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛውንም ስም በሚወክለው የኮከብ ምልክት (*) ነው። በጄንኪንስም ሆነ በጊትሃብ አንድ ኮከብ እዝባርን (/) አይሻገርም፣ ሁለት ኮከብ ግን ይሻገራል። «ፊቸር/*» የሚለው ደንብ «ፊቸር/ሎጊን»ን ይይዛል፤ «ፊቸር/ሎጊን/ሙከራ» ግን ያመልጠዋል፣ እሱን ለመያዝ «ፊቸር/**» ያስፈልጋል። የሚያመልጠው ብራንች ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም። ቢልዱ ዝም ብሎ አይነሳም።

ይህ ዝምታ በሌላም መልክ ይመጣል። ጊትሃብ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ጀምሮ የአዳዲስ ማከማቻዎችን ዋና ብራንች «ሜይን» ሲል፣ «ማስተር»ን ብቻ የሚጠቅስ ማጣሪያ ከድሮ ፕሮጀክት ቀድቶ ያመጣ ሰው ቢልዱ ፈጽሞ አልተነሳለትም። በጊትሃብ የብራንች ዝርዝር ብቻ ያለው ደንብ ታግ (ለአንድ ኮሚት የሚሰጥ ስም) ሲገፋ አይሠራም። በፑል ሪኩዌስት (ኮድ ወደ ሌላ ብራንች እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ላይ የተጻፈ ማጣሪያም የሚያየው ኮዱ የሚገባበትን ብራንች እንጂ የመጣበትን አይደለም። ለሜርጅ (ኮዱን ለማዋሐድ) የግድ የተባለ ፈተና በማጣሪያ ከታለፈ ደግሞ ውጤቱ በመጠባበቅ ላይ ሆኖ ይቀራል፣ ሜርጁም ይታገዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማጣሪያን እንደ ቁልፍ ማየት ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች ደንቡ የሚኖረው እዚያው ብራንቹ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ነው፤ ብራንች መግፋት የተፈቀደለት ሰው በራሱ ብራንች ላይ ፋይሉን አርሞ የተከለከለውን ቢልድ ማስነሳት ይችላል። ያ ቢልድ የሰርቨር ይለፍ ቃል የሚደርሰው ከሆነ ማጣሪያው ምንም አልጠበቀም። እውነተኛው ገደብ ከብራንቹ ውጭ፣ በማከማቻው ቅንብር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጊትላብ ጥበቃ የተደረገላቸው ተለዋዋጮችን (እንደ ይለፍ ቃል ያሉ ለቢልዱ የሚሰጡ እሴቶችን) ጥበቃ ለተደረገላቸው ብራንቾችና ታጎች ብቻ ይሰጣል። ጊትሃብም ኢንቫይሮመንት በሚለው ቅንብሩ ከየትኛው ብራንች ዲፕሎይ ማድረግ (ፕሮግራሙን ሥራ ላይ ማዋል) እንደሚቻል ያስወስናል፤ የኢንቫይሮመንቱም ምስጢሮች ለሌላ ብራንች አይደርሱም። ከፎርክ (ሌላ ሰው ለራሱ ከቀዳው ማከማቻ) የሚመጣ የማያውቁት ሰው ኮድ በምንም መንገድ ምስጢር ባለበት ቢልድ ውስጥ መሮጥ የለበትም።

ስለዚህ ዲፕሎይን በጣም ማጥበብ፣ ፈተናን ግን ሰፋ አድርጎ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። በዋናው ብራንች ላይ ብቻ የሚሮጥ ፈተና ስህተቱን የሚናገረው ስህተቱ ለሁሉም ከደረሰ በኋላ ነው። ቢልድ በዝቶ ካስቸገረ ፑል ሪኩዌስት ሲከፈት ብቻ እንዲነሳ ማድረግ፣ ወይም በዚያው ብራንች ላይ አዲስ ኮሚት ሲመጣ በመሮጥ ላይ ያለውን የቀድሞ ቢልድ ማቋረጥ ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ አንድም ብራንች ሳይፈተሽ ሳይቀር የማሽኑን ጊዜ ይቆጥባል።