ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፦ አልዩ አምባ ገበያ ላይ የገባኝ ተረት

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል።»

ይህን ያልተባለ ልጅ አለ? ደብተሩን ጥሎ ኳስ ሲያሳድድ የዋለ ይባላል። ሥራ የሚለግም፣ ጠባዩ የከፋም ይባላል። ሰው የሚፈልግህ ሙያህንና ምግባርህን አይቶ ነው ማለት ነው።

ተረቱ በደንብ የገባኝ ግን ሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ስወርድ ነው። ድሮ ጨው ራሱ ገንዘብ ነበር፤ አሞሌ። ከአፋር በረሃ እንደ ድንጋይ እየተፈለጠ ይወጣል። እንደ ሞረድ ረዘም ተደርጎ ይጠረብና በግመል ይጫናል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን መጥቶ በጨው ሲገበያዩ አይቷል። አሞሌ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። እስቲ ጣዕሙን ውሰዱበትና እዩት። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ድንጋይ ነው! ተረቱ በዓይን ከታየ ነገር የተነሣ ይመስላል።

«ለራስህ ስትል» የምትለውንም ልብ በሉ። ለወጡ ስትል አላለም። ወጡማ ሌላ ጨው አያጣም።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) አልዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ጠረፍ የተነሣው ሲራራ፣ የነጋዴዎች ጓዝ፣ እዚህ ይደርሳል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው ዓርብ ዓርብ ይገናኛል። ጨው ይገባል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። የሰው ልጅም ተሸጦበታል፤ ይህን ዘልሎ የገበያውን ድምቀት ብቻ ማውራት ነውር ነው።

በኋላ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሄደ። ባቡሩም በ1917 (እ.ኤ.አ.) ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። ሲራራው ቀረ፤ ገበያው ቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ ተረቱን እሞግተዋለሁ። አልዩ አምባ መጣፈጥ አላቆመችም። ወጡ ነው ጥሏት የሄደው። ሙያ እያለው ገበያ የራቀውን ሰው በዚህ ተረት ስንወቅስ ግፍ እንሠራለን።

ሱቅ በር ላይ አንዲት እናት ሻካራ ጨው ሊገዙ ቆመዋል። ከጆንያው ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ትንሽ ዝም አሉ።

«ደህና ነው፣ ስፈርልኝ» አሉት ባለሱቁን።