የገና አጥቂ በጎጃም፣ የበረዶ ሆኪ አጥቂ በባሕር ማዶ

ጎጃም ውስጥ «በረዶ» ሲባል ላዩ ላይ የሚሮጡበት ነገር ለማንም አይታሰበውም። በረዶ በክረምት ወርዶ ሰብል የሚያረግፍ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ቢልም በታኅሣሥ ንጋት ሣሩ ላይ የሚያድረው አመዳይ ፀሐይ ሲሞቅ ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ የበረዶ ሆኪ የለም። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ትንሽ ድቡልቡል ነገር እያሳደዱ ወደ ተጋጣሚ ክልል ማስገባት ግን ከጥንት ጀምሮ አለ።

ገና የበዓሉም፣ የጨዋታውም፣ የዱላውም ስም ነው። ኳሷ ጥንግ ትባላለች፤ ሩር የሚሏትም አሉ። ከጠንካራ እንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። አባቶች እንደሚሉት፣ እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ከዚያ ወረደ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። ጊዜውም ይመቻል። ጤፉ ታጭዶ መስኩ ሰፍቷል፣ ከብቱም እንደልቡ ይለቀቃል።

ዱላውን ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ጎበጥ ያለች የወይራ ቅርንጫፍ ካየ ቦታዋን ልብ ይላል። ቆርጦ ይልጣታል። ጫፏን በእሳት ለብ ያደርግና ቀስ እያለ ያጎብጣታል፤ እንዳትመለስ በገመድ ወጥሮ ያስራታል። ደርቃ ቅቤ ስትቀባ እጅ ላይ ትለሰልሳለች። ጥሩ ገና ከባድም ቀላልም አይደለም፤ ጥንጓን ሲመታ «ጧ!» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ አለው።

ቡድን የሚለየው በመንደር ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ ወይም ያገባና ያላገባ ተብሎም ይከፈላል። በባህላዊው ጨዋታ የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። ወሰኑ ጅረት፣ ዛፍ ወይም የመንደር ድንበር ሊሆን ይችላል። ቅልጥም ይመታል፣ ጣት ይላጣል፤ ቂም ግን አይያዝም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለዚህ ነው። በዚያ ቀን ባለሀብቱም እረኛውም እኩል ናቸው። ለእኔ የጨዋታው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

አጥቂው ከሁሉም ፊት ይቆማል። ጥንጓ ካለችበት ይልቅ ወደምትሄድበት የሚሮጥ ልጅ አለ፤ ሌላው አቧራ ውስጥ ሲጋፋ እሱ ጠርዝ ላይ ብቻውን ይጠብቃል። ስትደርሰው አንዴ ይመታል፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን ልጅ መንደሩ በስሙ ያውቀዋል።

ይኸው ጥበብ በካናዳና በአሜሪካ መተዳደሪያ ነው። በበረዶ ሆኪ አንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ያሰልፋል፤ ሦስቱ አጥቂዎች ናቸው፤ አንድ የመሀል፣ አንድ የግራ ክንፍ፣ አንድ የቀኝ ክንፍ። የሚመቷት ፓክ ከጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ 170 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት በማቀዝቀዣ ትቀመጣለች። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። አንድ አጥቂ ግን አንዴ ሲገባ 45 ሰከንድ ያህል ብቻ ተጫውቶ ይቀየራል፤ ሩጫው ከዚያ በላይ አያስችልም።

ሙያው የሚጀምረው በልጅነት ነው። ልጁ በወጣቶች ሊግ ያድጋል፤ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ምርጫ ይገባል። መመረጥ መድረስ አይደለም። ብዙው ዝቅተኛ ሊግ ውስጥ ዓመታት ያሳልፋል፤ ሳይጠየቅ ወደ ሌላ ከተማ ክለብ ሊዛወርም ይችላል። ከላይ የደረሱት ስማቸው ከቁጥር ጋር ይኖራል። ዌይን ግሬትስኪ ከ1979 እስከ 1999 (እ.ኤ.አ.) ተጫውቶ በመደበኛ ጨዋታዎች 894 ጎል አስቆጥሯል። አሌክሳንደር ኦቬችኪን መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. 895ኛውን አግብቶ አለፈው።

እኔን የሚነካኝ ግን ዊሊ ኦሪ ነው። ካናዳዊ ነው። ወጣት ሳለ ፓክ ቀኝ ዓይኑን መታው፤ ከሞላ ጎደል ማየት አቆመ። ለክለብ ሳይናገር መጫወቱን ቀጠለ። ጥር 10 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ እኛ ከተራ ስናከብር፣ ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። እዚያ የተጫወተው 45 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ያገባውም 4 ጎል። የግራ ክንፍ ስለነበር ከመሀል የሚመጣውን ፓክ ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት። በኋላ በሌላ ሊግ ወደ ቀኝ ክንፍ ሲዛወር መሀሉ በደህናው ዓይኑ በኩል ሆነ፤ ጎሉም በዛ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ገባ።

የእኛ አጥቂ ደመወዝም ዝውውርም የለውም። ገና ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ደንብ ወጥቶለታል፤ ክልሎችም ይወዳደሩበታል። ያም ቢሆን የሚበዛው ጎጃሜ ተጫዋች ሙሉ ዘመኑ የገና ሰሞን እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ናቸው። ስንት ጎል እንዳገባ የጻፈለት ሰው የለም። የሚያስታውሱት ያን ቀን አብረውት የሮጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ደብተር ይዞ ከአያቱ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ማን ከየት መንደር እንደነበር፣ ወሰኑ የትኛው ዛፍ እንደነበር፣ ማን በግራው ይመታ እንደነበር መጻፍ ይችላል።