የአበባ ዕቃ መቀየር ምንድን ነው? ቡገንቪሊያ ባልዲ ውስጥ ላላችሁ

ጎንደር ውስጥ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ቡገንቪሊያ ብርቅ አይደለም። አንዱ በሸክላ ነው፣ አንዱ በቀለም ባልዲ፣ ሌላው ግማሽ ላይ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን። ሐረጉ ዓመት በዓመት ይረዝማል፤ ዕቃው ግን ያው ነው። ታዲያ ይቀየርለት? ከተቀየረስ መቼ?

ዕቃ መቀየር ማለት ተክሉን ከነሥሩ አውጥቶ፣ ካረጀው አፈር የተወሰነውን ጥሎ፣ ሥሩን ከርክሞ በአዲስ አፈር መልሶ መትከል ነው። ትልቅ ባልዲ መግዛት የግድ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። መቀየር ያለበት በዋናነት አፈሩ ነው፤ ባልዲው ያው ሊሆን ይችላል።

ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሄዶ የግንቡን ድንጋይ ጨምድደው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ያየ ሰው፣ ሥር መንገድ ካገኘ የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል። ባልዲ ውስጥ መንገድ የለም። ሥሩ ጠርዙን ሲነካ ይታጠፍና ዙሪያውን መጠምጠም ይጀምራል። በ2 ወይም በ3 ዓመት ውስጥ ከአፈሩ ሥሩ ይበዛል። አፈሩም ቢሆን እያረጀ ነው። ውስጡ የነበረው ፍግ በስብሶ ያልቃል፣ ደቃቁ አፈር ይጠቀጠቃል፣ አየር የሚገባበት ቦታ ይደፈናል። ሥር ያለ አየር አይኖርም።

የኛ ከተማ የውሃ ነገር ደግሞ አለ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ንጹሁን ለአበባ ማፍሰስ ያሳሳል፤ ስለዚህ እጣቢ ይደፋለታል። አልፎ አልፎ ከሆነ ችግር የለውም። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን የሳሙናውና የምግቡ ጨው አፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። የባልዲው ጠርዝና የአፈሩ ገጽ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ነገር ከታያችሁ እሱ ነው።

ሌላው ምልክት ውሃው ራሱ ነው። ስታጠጡት ወዲያው ከሥር ሾልኮ ይወጣል፣ አበባው ግን ከሰዓት በኋላ ጠውልጎ ታገኙታላችሁ። ውሃው በተጠመጠመው ሥርና በባልዲው መካከል ተንሸራቶ ስለሚወርድ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሥር በቀዳዳው ብቅ ካለ ወይም ፕላስቲኩ ካበጠ ነገሩ ቆይቷል። በምንም ካልለየላችሁ ባልዲውን አጋድሙትና አፈሩን በቀስታ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። ሥሩ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ የባልዲውን ቅርጽ ከያዘ ጊዜው ነው። ገና አፈር የሚታይ ከሆነ መልሱትና ተዉት።

ተዉት ያልኩት በምክንያት ነው። ቡገንቪሊያ ትንሽ ጠበብ ሲለው በደንብ የሚያብብ ተክል ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ከዓለም ዞሪው የፈረንሳይ መርከበኛ ቡገንቪል ጋር የተጓዘው የዕፅዋት ሊቅ ኮመርሰን እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ እንዳገኘው ይነገራል። ደረቅ ወቅትና ጠንካራ ፀሐይ ይስማማዋል፤ ሁለቱም ጎንደር በሽ ናቸው። እኛ አበባ የምንለው ሐምራዊና ቀይ ነገር እንኳ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት።

እንዲህ ያለውን ተክል «ይመቸው» ብሎ በርሜል ውስጥ መክተት ደግነት አይደለም። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣለት ስለሌለ ርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ክረምት ሲመጣ ሥሩን ያበሰብሳል። ከዚህ ከተረፈም ጉልበቱን ሁሉ ቅጠልና ሥር ላይ ያውለዋል። ለምለም ይሆናል፣ አበባ ግን የለም። ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በ5 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሰፋ በቂ ነው። ዕቃው መተለቁን ካልፈለጋችሁ ከሥሩ ትንሽ ከርክማችሁ ያንኑ ባልዲ ተጠቀሙ።

ሸክላ ጥሩ ነው፣ በግድግዳው ስለሚተነፍስ። በደባርቅ መንገድ ወለቃ ጎራ ካላችሁ የሸክላ ሥራ አታጡም። ግን እንስራና ገንቦ ለዚህ ሥራ አይሁኑ። ቆንጆ ናቸው፣ አልክድም። አንገታቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ሰፊ ነው፤ ሆዱን የሞላ ሥር በዚያ አንገት አይወጣም። ዕቃ የመቀየሪያው ቀን ሲደርስ ወይ ገንቦው ይሰበራል ወይ ሥሩ ይቆረጣል። አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ይሁን። ጀሪካን ከሆነ ደግሞ ታቹን በጋለ ምስማር ብዙ ቦታ ብሱት፤ አንድ ቀዳዳ አይበቃም።

አፈሩን በተመለከተ፣ ጥቁሩን የዋልካ አፈር ብቻውን አትሙሉት። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጣል፣ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጡብ ይሆናል። ቀላ ያለ አፈር 2 እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት 1 እጅ፣ ሻካራ አሸዋ 1 እጅ ጥሩ ድብልቅ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ቆይቶ ሽታው የጠፋው ይሁን። ታች ላይ ጠጠር መደርደር ውሃ ያወርዳል የሚል እምነት አለ። አያወርድም። ውሃው ጠጠሩ አናት ላይ ያለው አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ርጥቡ አፈር ወደ ሥሩ ይበልጥ ይጠጋል። ቀዳዳው ላይ አንድ የሸክላ ስባሪ ወይም የወንፊት ቁራጭ አድርጉ፣ ከዚያ አፈሩን ሙሉ።

ጊዜው እኔን ከጠየቃችሁኝ ግንቦት ነው። የበጋው አበባ ረግፎ፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና። ሰኔም መጀመሪያው ላይ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ አይደረግም፤ የተቆረጠ ሥር እንደዚያ ከራሰ አፈር ጋር አይስማማም። አብቦ እያለም አትንኩት፣ አበባውን ሁሉ ያረግፈዋል።

ከመቀየሩ አንድ ቀን ቀድማችሁ አጠጡት፤ ርጥብ አፈር ከሥሩ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ረጅሙን ሐረግ ከርክሙና የቀረውን በገመድ ሰብሰብ አድርጋችሁ እሰሩት። ጓንት አይረሳ፣ እሾሁ አይምርም። ባልዲውን አጋድማችሁ ጎኑን መታ መታ አድርጉ። በፍጹም ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ ከግንዱ ጋር የሚያያዘው ቦታ ላይ በቀላሉ ይበጠሳል። እምቢ ካለ ባልዲውን ቅደዱት፤ ባልዲ ይገዛል።

ከወጣ በኋላ ሥሩን ለመፍታት አትታገሉ። አፈሩንም አራግፋችሁ ራቁቱን አታስቀሩት፤ ሌላው አበባ የሚችለውን ይህ አይችልም። ታች የተጠመጠመውን ምንጣፍ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር በተሳለ ቢላ ቁረጡ፣ ጎኑ ላይ የላላውን በጣት ነካ ነካ አድርጉ፣ በቃ። ያንኑ ባልዲ የምትጠቀሙ ከሆነ ብቻ ጎኑንም በስሱ ቅረፉት። ግንዱ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር፣ ይበሰብሳል። ከላይ ውሃ የሚያዝበት 3 ሳንቲሜትር ያህል ተዉ። አፈሩን በመዳፍ ብቻ ጫን በሉት፤ በእግር አይደለም። ከዚያ ከታች እስኪወጣ አጠጡት።

ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይቆይ። የጎንደር ፀሐይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ነው፤ ሥሩ ለተነካ ተክል ይከብደዋል። ቅጠል ቢያራግፍ አትደንግጡ፣ ማዳበሪያም አትጨምሩ። የሚቀጥለውን ውሃ የላዩ አፈር ደረቅ ሲል ስጡት። ጎረቤት መጥቶ «ውይ፣ ደረቀብሽ እኮ!» ቢላችሁም ጠብቁ፤ ግንዱን በጥፍር ጫር ስታደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ መልሱት።

ዕቃው በጣም ትልቅ ከሆነና ማንሳት ካልተቻለ የላዩን 5 ሳንቲሜትር አፈር በማንኪያ ጫር ጫር አድርጋችሁ አንሱና በአዲሱ ድብልቅ ተኩት። ሙሉ ሥራ አይደለም፣ ግን አንድ ዓመት ያሻግራል።

የከረከማችሁትን ሐረግ አትጣሉት። እንደ እርሳስ የወፈረውን መርጣችሁ በ20 ሳንቲሜትር ቁረጡ፣ ቅጠሉን አንሱለት፣ የታቹን ጫፍ ለይታችሁ አሸዋ በበዛበት አፈር ግማሹን ቅበሩት። ጣሪያ ሥር፣ የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ። ሁሉም አይይዝም፤ ስለዚህ አምስት ስድስት አድርጋችሁ ትከሉ። ከያዘው የተረፈውን ጎረቤት ይወስደዋል።