ሁለት የማይመሳሰሉ ግራፊክስ ካርዶችን ማቀናጀት ምንድን ነው?

አዲስ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሥለውን ክፍል) የገዛ ሰው አሮጌውን ለመንቀል እጁ አይታዘዝለትም። ካርዱ ገና ይሠራል፤ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ክፍት ነው። "ሁለቱንም ብሰካቸው ጌሙ አይፈጥንም?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጉልበታቸው ተደምሮ አንድ ትልቅ ካርድ አይሆኑም። ለየብቻ ሥራ ከተሰጣቸው ግን ይጠቅማሉ።

ሁለት ካርድ ማጣመር የቆየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቩዱ 2 የተባሉ ካርዶች የስክሪኑን መስመሮች እየተፈራረቁ ይሥሉ ነበር። ካርድ ሠሪዎቹ ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ፣ ኤቲአይ ደግሞ በ2005 ክሮስፋየር የተባሉ የማጣመሪያ ዘዴዎችን አመጡ። ኤስኤልአይ ሁለቱም ካርዶች አንድ ዓይነት ቺፕ እንዲኖራቸው ያስገድድ ነበር። ክሮስፋየር ትንሽ ላላ ይል ነበር፤ ግን እሱም ከአንድ የካርድ ቤተሰብ አይወጣም ነበር።

ለምን? መቀናጆ የሚገባ ገበሬ ለበሬው አቻ የሚፈልግበት ምክንያት ነው። አንዱ ካርድ አንድ ፍሬም (አንድ ሙሉ የስክሪን ምስል) በ10 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው በ30 ሚሊሰከንድ ይሥላል እንበል። ፈጣኑ ብቻውን በሰከንድ 100 ፍሬም ያወጣል። ተራ በተራ ከሠሩ ግን በየ30 ሚሊሰከንዱ የሚወጡት ሁለት ፍሬሞች ናቸው፤ በሰከንድ ወደ 66 ገደማ ማለት ነው። ካርድ ጨምራችሁ ፍጥነት ቀነሰ! ሜሞሪውም አይደመርም። ሁለቱም የጌሙን ምስሎች ለየራሳቸው መያዝ ስላለባቸው 8 ጊጋ እና 4 ጊጋ 12 አይሆኑም።

በ2015 የወጣው ዳይሬክትኤክስ 12፣ ጌሞች ከካርዱ ጋር የሚነጋገሩበት የዊንዶውስ ሶፍትዌር፣ የኤንቪዲያን እና የተፎካካሪውን የኤኤምዲን ካርድ እንኳ አብሮ ለማሠራት በር ከፍቶ ነበር። አሽስ ኦፍ ዘ ሲንጉላሪቲ የተባለው ጌም ይህን በተግባር አሳይቷል። ነገር ግን ሸክሙ የጌም ሠሪዎቹ ሆነ፤ የተሸከሙትም በጣም ጥቂት ናቸው። ኤንቪዲያም ከ2021 ጀምሮ አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (ለየጌሙ የሚዘጋጅ የኤስኤልአይ ማስተካከያ) መሥራት አቁሟል።

ዛሬ ለነገሩ ነፍስ የዘራለት ሎስለስ ስኬሊንግ የሚባል ፕሮግራም ነው። ዋናው ካርድ ጌሙን ይሥላል። ያለቀው ፍሬም ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ እሱም በመሃል የሚገቡ ተጨማሪ ፍሬሞችን ይፈጥራል። ካርዶቹ መመሳሰል የለባቸውም። ሞኒተሩ ግን ሁለተኛው ካርድ ላይ ይሰካ፤ አለዚያ ምስሉ ያለ ጥቅም ይመላለሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እይታው ይለሰልሳል እንጂ ጌሙ ለእጃችሁ ቶሎ አይመልስም። እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ለታሪክ ጌሞች ደስ ይላል፤ ለፉክክር ተኩስ ጌም ግን አልመክረውም።

አሮጌው ካርድ ቪዲዮ ለመቅረጽ፣ ላይቭ ለማስተላለፍ ወይም ተጨማሪ ሞኒተር ለማብራትም ይሆናል።

ከመሰካታችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ማኑዋል ክፈቱ። ሁለተኛው ስሎት ረጅም ቢመስልም ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የመረጃ መስመር 4 ብቻ ነው። አንዳንድ ቦርድ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ሲሰካ የመጀመሪያው ስሎት ከ16 መስመር ወደ 8 ይወርዳል። ካርዶቹ ከተጠጋጉ የላይኛው ቀዝቃዛ አየር ያጣል። ፓወር ሰፕላዩም ለሁለቱ መብቃት አለበት። ለዚህ ብላችሁ አዲስ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ካለባችሁ፣ አሮጌውን ካርድ ሽጡት።