ሳይተኮስ የሚሞከር ሚሳኤል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሙቀት ተከታይ ሚሳኤል ሲወራ ብዙ እሰማለሁ። አብዛኛው ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ሳይድዋይንደር (ከአውሮፕላን ተተኩሶ ሌላ አውሮፕላን የሚመታ ሙቀት ተከታይ ሚሳኤል) ታሪክ ደግሞ በጣም የምወደው ነው። የተሠራው ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ፣ ቻይና ሌክ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መሞከሪያ ጣቢያ ነው። ሥራውን የመራው ዊልያም ማክሊን የሚባል የፊዚክስ ባለሙያ ነበር።

«መሞከር ማለት መተኮስ ነው»

አይደለም። የተተኮሰ ሚሳኤል አይመለስም። ስለዚህ የሚሳኤሉ ዓይን፣ ማለትም ሙቀት ፈላጊው ጫፍ፣ አውሮፕላን ላይ እንደታሰረ ይበራል። ከፊት ሌላ አውሮፕላን ይሄዳል። አብራሪው የሚሳኤሉ ዓይን የሚያየውን በጆሮው ይሰማል። ሙቀት ሲያገኝ ማዳመጫው ውስጥ ያጉረመርማል። የጋለውን ሞተር በደንብ ሲይዝ ድምፁ ይጎላል። ችግሩ ፀሐይ ያበራችው ደመናም ያስጉረመርመዋል። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት አንድም ሚሳኤል ሳይባክን ይታያል፤ አውሮፕላኑ ያርፋል፣ ዓይኑ ይፈታል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይበራል።

«ለዚህ ፈጣን ጄት ያስፈልጋል»

ከመጀመሪያዎቹ ተሸካሚዎች አንዱ ስካይሬደር ነው። ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን! የሚፈተነው ዓይኑ እንጂ ፍጥነቱ አልነበረም።

«ዓይኑ እንደ ካሜራ ምስል ያያል»

ምስል የሚባል ነገር የለም። ውስጡ ያለው ሊድ ሰልፋይድ ከሚባል ውሕድ የተሠራ አንድ ትንሽ ሙቀት ተቀባይ ብቻ ነው። ታዲያ ግራና ቀኙን በምን ይለያል? ፊቱ ላይ መስታወት ይሽከረከራል። አብሮትም ከፊሉ ጥቁር፣ ከፊሉ ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር የተሳለበት ትንሽ ዲስክ ይዞራል። የኢላማው ሙቀት በመስመሮቹ መካከል ሲያልፍ እየተቆራረጠ ይደርሳል። ቁርጥራጩ የሚመጣበት ጊዜ ኢላማው በየት በኩል እንዳለ ይናገራል። ኮምፒውተር የለም፤ ጥቂት የቫኪዩም ቱቦዎች (የድሮ ራዲዮ ውስጥ የነበሩ አምፖል መሰል ክፍሎች) ብቻ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

«አንዴ ተሠርቶ ወዲያው መታ»

ሥራው የተጀመረው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ ስቷል። ሰው አልባ ሄልካት አውሮፕላን የመታው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1953 ነው። በኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ዕለት። አገልግሎት ላይ የዋለው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው።

«ከየትም አቅጣጫ ይመታል»

የዛሬዎቹ አዎ። የድሮዎቹ ግን የሚያዩት የጋለውን የሞተር ጭስ መውጫ ስለነበር ከኋላ መቅረብ ግድ ነበር። የኛ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት አብራሪዎችም በኦጋዴን ጦርነት ሳይድዋይንደር ታጥቀው ሲገጥሙ፣ መጀመሪያ ከጠላት አውሮፕላን ጅራት ስር መግባት ነበረባቸው።