ሁለተኛው መዳሰስ

በማርቆስ 8፥22–25 ጌታ በዓይነ ስውሩ ሰው ላይ እጁን የጫነው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ታዩት፤ አጥርቶ ያየው በሁለተኛው ነው። በመካከል ላይ ቆሞ ሳለ «እምነትህ ጎድሎ ነው» ያለው የለም። ጅማ ውስጥ ስትሮክ የመታውን ቤተሰብ የምታስታምሙ ምእመናን፣ ግማሽ ፈውስ ላይ ያለውን ሰው በዚህ ዓይን እዩት።

ስትሮክ አንጎልን ይጎዳል፤ ከጉዳት የተረፈው ክፍል የተጎዳውን ሥራ የሚለምደው በመደጋገም ነው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ጎላ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ይዘገያል እንጂ በዚያው አይቆምም።

ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚያስቆርጠው አያያዝ ነው። የደከመውን ክንድ ጎትቶ ማንሳት ትከሻውን ከመገጣጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል፤ ሕመሙም ልምምዱን ያስጠላዋል። ስታነሡት ወገቡን ያዙ፣ ሲቀመጥ ክንዱን በትራስ ደግፉ። ሲለብስ የደከመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቅ ይከተል። ለቡና የምንቀመጥበት ባለሦስት እግሩ በርጩማችን ለእርሱ አይሆንም፤ መደገፊያና እጀታ ያለው ወንበር ስጡት። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል አይተኛ። ውኃ ቶሎ ቶሎ ትን ካለው ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ጠበል እየተጠመቁ የደም ግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ሁለተኛ ስትሮክ ይጠራል። ሲራክ 38፥4 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላልና አንዱን ለሌላው አትተዉ።

አንደበቱ የተያዘበት ሰው የሚነገረውን አብዛኛውን ሊገባው ይችላል። ጠያቂ ሁሉ «ምን ይሻለው ይሆን!» እያለ በፊቱ ከንፈር ሲመጥ ይሰማል። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፣ በራስ ንቅናቄ የሚመለስ ይሁን፣ ጊዜም ስጡት። «ውኃ» ማለት ያቃተው ሰው ከልጅነቱ ያጠናውን ጸሎት ወይም መዝሙር ሳይደናቀፍ የሚልበት ጊዜ አለ፤ በቃል የተያዘ ነገር በአንጎል ውስጥ የሚመጣበት መንገድ ለየት ይላልና። ማታ ስትጸልዩ አልጋው አጠገብ ተሰብሰቡ። «አባታችን ሆይ» ብላችሁ ጀምሩለትና ዝም በሉ፤ «በሰማያት የምትኖር» የሚለውን እስኪያመጣው ጠብቁት።