የዳልተን የአቶም ቲዎሪ ምንድን ነው? «አይከፈልም» ማለቱ ብቻ አይደለም

«ዳልተን እኮ ተሳስቷል። አቶም አይከፈልም ብሎ ነበር፤ ይኸው ተከፈለ።» ስንቴ ሰማሁት! ሰሞኑን ደግሞ አንዱ አስተያየት ሰጪ ጨመረበት፦ «እሱንም ቢሆን ከዴሞክሪተስ ነው የቀዳው።» እንግሊዛዊውን ኬሚስት ጆን ዳልተንን በአንድ አፍ ሌባም ስህተተኛም አደረገው።

በእርግጥ እንደ ዴሞክሪተስ ያሉ የግሪክ ፈላስፎች ከ2000 ዓመት በፊት ቁስ ከማይከፈሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብለዋል። ኒውተንም ብሏል። በዳልተን ዘመን ይሄ አዲስ ወሬ አልነበረም። ግን በዚያ ሐሳብ ማንም ምንም አይመዝንበትም ነበር። ዳልተን ያመጣው ክብደትን ነው። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አቶም የራሱ ክብደት አለው፤ አቶሙን ሳናይ የአንዱን ክብደት ከሌላው ማወዳደር እንችላለን አለ። ቲዎሪው ማለት ይሄ ነው። ሌላው ማጀቢያ ነው።

ሳያዩ እንዴት ይወዳደራል? ብሎንና ዳዶ የሞላበት ጆንያ አስቡ። ከፍቶ መቁጠር ክልክል ነው። የሚነገራችሁ የብሎኑ ጠቅላላ ክብደት 8 ኪሎ፣ የዳዶው 1 ኪሎ መሆኑ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ብሎን አንድ ዳዶ ካለው፣ አንዱ ብሎን የአንዱን ዳዶ 8 እጥፍ ይመዝናል። ብሎኑ መቶ ይሁን ሚሊዮን ለውጥ የለውም።

ውሃ ያ ጆንያ ነው። ኦክስጅን ብሎኑ፣ ሃይድሮጅን ዳዶው፤ ክብደታቸውም 8 ለ1 ነው። ዳልተን ሃይድሮጅንን 1 ብሎ ተነሳና በ1803 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያውን የአቶም ክብደት ሠንጠረዥ ጻፈ። ልብ በሉ፣ የእሱ ኦክስጅን 8 እንኳ አልነበረም። በ1805 ባሳተመው 5.5 ነው፤ በ1808 7 አደረገው። የዘመኑ ልኬት ሻካራ ነበር። በሚዛን የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

ሁለተኛ ጆንያ ሲመጣ ነገሩ ይጥማል። 3 ግራም ካርቦን ከ4 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ያ በዘጋነው ቤት ውስጥ ከከሰል ወጥቶ የሚገድለው ጋዝ። ያው 3 ግራም ካርቦን 8 ግራም ኦክስጅን ከወሰደ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከ4 ወደ 8፣ ልክ እጥፍ። ግማሽ ዳዶ አይታሰርማ! ዳልተን ራሱ ከረግረግ የሚወጣውን ሜቴንን ከኤቲሊን ጋር አወዳድሮ ነበር፤ ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ጋዞች ናቸው። ለእኩል ካርቦን ሜቴን ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን እጥፍ ሆኖ አገኘው። ቁስ እንደ ሊጥ የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ይህ ድፍን ቁጥር ከየት ይመጣል?

(እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ሳይጮሁብኝ፦ ሁሉም ውህድ እንዲህ ጨዋ አይደለም። ዉስታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድ ለ100 የኦክስጅን አቶም 95 ገደማ የብረት አቶም ነው የሚይዘው። ጠጣሮች ላይ ይሄ ያጋጥማል።)

አሁን ወደ «አይከፈልም»። እርግጥ ነው፣ ዳልተን አቶምን እንደ ጠጣር ኳስ ነበር የሚያስበው። ክርክሩ ግን ስለ ኬሚስትሪ ነው። በ1808 መጽሐፉ አንዲት የሃይድሮጅን ቅንጣት መፍጠር ወይም ማጥፋት ለፀሐይ አዲስ ፕላኔት ከመጨመር ወይም ያለውን ከማጥፋት አይለይም ይላል። ዛሬም አቃጥሉት፣ አፍሉት፣ አሲድ ድፉበት፣ ኦክስጅን ኦክስጅን ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቶምሰን በ1897 ከአቶም ውስጥ የሚወጣውን ቅንጣት፣ ኤሌክትሮንን፣ ያገኘው አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሰድዶ እንጂ በምድጃና በብልቃጥ አይደለም። ስለዚህ «ተከፈለ» የሚለው መልስ ዳልተን ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ ነው።

ስህተቱን መፈለግ ካማራችሁ ሌላ ቦታ አለላችሁ። የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች በሙሉ እኩል ይመዝናሉ ብሏል። አይመዝኑም፤ ክሎሪን 35 የሚመዝንም 37 የሚመዝንም አቶም አለው። ይህንንም ቢሆን በእሱ ሚዛን ማንም ሊያየው አይችልም ነበር።

ይቅርታ የማላደርግለት የዳዶውን ጉዳይ ነው። ብሎኑ ሁለት ዳዶ ካለውስ? ያኔ ብሎኑ 8 ሳይሆን 16 እጥፍ ነው። ዳልተን ሁለት ንጥረ ነገሮች አንድ ውህድ ብቻ ሠርተው ከታዩ አንድ ለአንድ ናቸው ብሎ ደነገገ፤ ማስረጃ የለውም፣ ቀላል ስለሆነ ብቻ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌይ ሉሳክ በ1808 ሁለት ሊትር ሃይድሮጅን ከአንድ ሊትር ኦክስጅን ጋር ሁለት ሊትር የውሃ ትነት ይሰጣል የሚል ውጤት አመጣለት። መልሱ በእጁ ገባ ማለት ነው። ዳልተን ልኬቱን ተጠራጥሮ ገፋው። በ1811 ጣሊያናዊው አቮጋድሮ ፍቺውን ቢጽፍም ብዙ ሰሚ አላገኘም፦ በእኩል ሙቀትና ግፊት እኩል ሊትር ጋዝ እኩል ቁጥር ቅንጣት ይይዛል፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ለአንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን አለ። ዳልተን በ1844 ሲሞት ነገሩ ገና አልጠራም። በ1860 በጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማ ኬሚስቶች ሲሰበሰቡ ጣሊያናዊው ኬሚስት ካኒዛሮ የአቮጋድሮን ሐሳብ ይዞ ተከራከረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የኦክስጅን 16 እየጸና የሄደው።